በአጎቴ መኪና ልክ የተሠራ አደባባይ

ለክቡር የሰፈራችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣

ጤናዎ እንደ አዲሱ አደባባይ ድንጋይ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም የኅሊና ወቀሳ የማይደፍረው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ቤት ስንገናኝ አጎቴ ነዎት፤ ጉዳዩ የመንገድ ስለሆነ ግን ዛሬ እንደ ነዋሪ ጽፌ በኮሚቴው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ መውጫ በሌለው መንገዳችን ጫፍ፣ ከበራችን ፊት ለፊት፣ መኪና የሚዞርበት ሜዳ ነበረን። እርስዎ ዙሪያውን በአበባ መደብ ግንብ አጥብበው፣ መሐሉ ላይ ስምዎ የተቀረጸበት ድንጋይ አቁመውልናል። አበባው ያምራል። ታናሽ ወንድሜን ከነዊልቸሩ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሚኒባስ ግን አይዞርበትም። ሾፌሩ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ ቢሞክር ከግንቡ ጋር ተሳሳመ። ልጆች ጭኖ ያን ሁሉ ጠባብ መንገድ ወደ ኋላ መውጣት ስለሚያስፈራው፣ ከሰኞ ጀምሮ ዋናው መንገድ ላይ እንደሚጠብቀን ለእናቴ አንገቱን ደፍቶ ነገራት። እስከዚያ ድረስ ያለው ኮረት ለዊልቸር እንዴት እንደሚመች እርስዎን አልጠይቅም፤ በመኪና ነው የሚያልፉበት።

ሁለተኛ፣ «ሾፌሩ መሪ ማዞር ይማር» ማለትዎን ሰምቼ በእውቀትዎ ተደንቄአለሁ። በትሕትና ለማስታወስ ያህል፣ የፊት ጎማ የሚታጠፈው እስከ ተወሰነ ማዕዘን ብቻ ነው። ከኋላ ጎማዎች ወደ ጎን አንድ መስመር፣ ከታጠፈው የፊት ጎማም ወደዚያው ጎን ሌላ መስመር ቢያሰምሩ፣ የሚገናኙበት ነጥብ የመዞሪያው መሐል ነው። ጎማው ይበልጥ ሲታጠፍ ነጥቡ ይቀርባል፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች ሲራራቁ ደግሞ ነጥቡም ይርቃል። ስለዚህ ድንክዬ መኪናዎና ሚኒባሱ ጎማቸውን እኩል ቢያጥፉም እኩል ክብ አይሠሩም። ኮሚቴው የእርስዎን ክብ በጭብጨባ ማጽደቁን አውቃለሁ፤ ምን ያደርጋል፣ ጎማ ስብሰባ አይገባ።

ሦስተኛ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሾፌሩን ለምነን፣ መሪውን እስከ ጥጉ አዙሮ ሲዞር፣ እኔ በውጭኛው የፊት ጎማ ዱካ ላይ ኖራ እየበተንኩ ክቡን አሰመርኩ፤ ወንድሜ በሩ ላይ ሆኖ «ተጣመመብሽ» እያለ ያርመኝ ነበር። እርስዎ መጥተው አዩ፣ ራሱን ዳበሱት፣ «አይዞህ፣ በእናንተ ክብ ነው የምናሠራው» አሉት። እሱም ዝናብ እንዳያጥበው ብሎ ኖራውን በላስቲክ አስሸፈነን። ግንበኞቹ በመጡ ጠዋት ግን የራስዎን መኪና አምጥተው አንድ ዙር ዞሩና «በዚህ ልክ» አሏቸው። ጎማዎ ላስቲኩን ረግጦ ሲያልፍ ወንድሜ ያይ ነበር። «አጎቴ ረስቶት ነው» አለኝ። እሱ እስካሁን እርስዎን ያምናል።

ስለዚህ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሚኒባስ መዞር ባቃተው ቦታ ላይ የትልቅ ሰው ቃል ያለ አንዳች ጭረት እንደሚዞር በልጅነቴ አሳይተውኛል። ግንቡ ከሰኞ በፊት ወደ ተሰመረበት ቦታ እንዲመለስ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ከእንግዲህ ሌላ ቃል እንዳይሰጡን ብቻ የምትለምንዎ፣
አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ

ማስታወሻ፦ እሑድ አደባባዩን የሚመርቁልን የክብር እንግዳ መኪና ከሚኒባሱም እንደሚረዝም ሰምተናል። አገባባቸው እንደሚያምር አልጠራጠርም። አወጣጣቸውን ለማየት እኔ ከወዲሁ በራችን ላይ ወንበር አውጥቻለሁ፤ ወንድሜ የራሱን ይዞ ይመጣል።