ካርዱ እምቢ ሲልህ

ሮስኮ፣
የባቄላውን ድስት ከፍተህ ይህን ወረቀት ያገኘኸው ካርዱ ሱቅ ውስጥ እምቢ ቢልህ ነው። አለዚያማ መች ዞር ብለህ ታየዋለህ!

መንግሥት በየወሩ ካርዴ ላይ የሚሞላው የምግብ እርዳታ ገንዘብ ዛሬ ገብቷል። ማለዳ ደውዬ ሚስጥር ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ። ካርዱን ግን ከለመድክበት መሳቢያ ሆን ብዬ አላነሳሁትም።

ባለፈው ወር የልጄን ወተት ይዤ ሱቅ ውስጥ ስሰለፍ፣ ሒሳብ ተቀባይዋ ሎሬታ «እህቴ፣ ካርድሽ ባዶ ነው» ስትለኝ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወተቱን መልሼ ቤት ስገባ፣ በካርዴ ለጓደኞችህ ውዱን የባሕር ምግብ፣ ሽሪምፕ፣ የገዛህበት ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከግርጌው «ቀሪ፦ ዜሮ»።

ባቄላውን አሙቀህ ብላ፤ ጨው ያንሰዋል።
ዛሬ የገዛሁትን የልጄን ወተት እንዳትነካ።

ሎሬታን ደግሞ እንዳትቀየማት። «ወንድሜ ሲመጣ ካርዱ እምቢ ማለቱን ጮክ ብለሽ ንገሪው» ብዬ አደራ ያልኳት እኔ ነኝ።

እህትህ ኦዴሳ