ሰንበት ሲወጣ ያልላክሁት ፎቶ

ውድ ሙሉሰው፣

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 2026፣ ከሰዓት በኋላ። ከጧት ጀምሮ ሲዘንብ ነበር። አሚሻቭ ሰፈር ባለው ቤትህ ውስጥ አንተና እኔ ብቻ ነበርን። ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ምን ያህሉን እንደሆነ ስለማላውቅ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ስልክህ ላይ አቀርቅረህ ነበር። በዚያ ቀን ለአንባቢዎችህ በኢሜይል የላክኸው ደብዳቤ፣ ባራክና ወንድሙ እናታቸውን የአረጋውያን ቤት ጥለው አፓርታማዋን ሸጡ ይላል። ስማቸውን ጠርተህ ነው የጻፍኸው። "በአንባቢ ብዛት ሁለተኛ ወጣሁ፣ ፈንታዬ። ሰንበት ሳይገባ አንደኛ ነኝ" አልኸኝ። እናትየዋን ጠይቀህ እንደሆነ ጠየቅሁህ። አንተ ግን ቁጥሩን ነበር የምታየው።

በሩ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው። ባራክ የብረት ቧንቧ ይዞ ነበር። የመጀመሪያው ምት ጉልበትህን፣ ሁለተኛው አፍህን አገኘው። ጥርስህ ግድግዳ መትቶ ሲወድቅ ሰማሁት። ወንድሙ ፀጉርህን ጨብጦ ፊትህን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያጋጨው ነበር።

"እናቴን ስንት ሰው አነበባት?" ይልሃል ባራክ። "ቁጥሩን ንገረኝ።"

ለሰንበት ምግብ ማሞቂያ የሰካኸውን የጋለ የብረት ፕላታ ከነገመዱ ነቅዬ ወንድምየው አንገት ላይ አሳረፍሁት። ሥጋው ሲጠበስ ሸተተኝ። የእኔም መዳፍ ተላጠ። እየጮኸ ወጣ፤ ባራክም ተከተለው። አንተ ደምህ ውስጥ ተዘርረህ በእጅህ ስልክህን ትፈልግ ነበር።

እንዲህ አልነበርህም። ኪርያት አርዬ ባለው ዳቦ ፋብሪካ ስንሠራ በዱቄት ከረጢት ቅዳጅ ላይ ፊደል ያስቆጠርኸኝ አንተ ነህ። ደብዳቤ መላክ ስንጀምር ስለ ተወለድህበት መንደር፣ ወደዚህ አገር ሲመጡ በመንገድ ስለቀሩ ሰዎች ትጽፍ ነበር። የሚያነቡህ ጥቂት ነበሩ፤ ገበያ ላይ ሲያገኙህ ያቅፉህ ነበር። ከዚያ የጸሐፊዎቹ የደረጃ ሰንጠረዥ መጣ። ሰው የተዋረደበት ሳምንት ወደ ላይ፣ ማንም ያልተዋረደበት ሳምንት ወደ ታች። ፋብሪካውን ለቅቀህ ሰንጠረዡን ትጠብቅ ጀመርህ። እኔም አየው ነበር። አሥራ አንደኛ ነኝ። አንተ ዝቅ ስትል ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሆስፒታል ውስጥ ነቃህ። ሰንበት ሲወጣ ስልክህን ተቀበልኸኝ፤ መናገር ስላልቻልህ ጻፍህልኝ፦ "ፊቴን አንሺና ላኪው። ሰው ሁሉ ስልኩን የሚከፍትበት ሰዓት ነው።"

አነሣሁት፤ የተደፈነ ዓይንህን፣ የተሰፋ ከንፈርህን። ርዕስም ጻፍሁለት። ጥሩ ርዕስ ነበር። በአንተ ስም ከመላክ በእኔ ስም ልላከው ይሆን ብዬም አስቤ ነበር።

ስልክህን ይዤ ስወጣ ታናሽ ወንድምህ ሲሳይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ቢላዋውን አሳየኝ። የባራክን ቤት ጋኔይ ቲክቫ ከተማ ውስጥ አግኝተውታል።

"ስትልኪው ንገሪኝ፣ እታለም።"

"ለምን?"

"ሰው እያነበበው ሳለ ነው የምንገባባቸው። እሺ? በሰደር?"

አውራ ጣቴ መላኪያው ላይ ነበር። ለባራክ አላዘንሁም፤ አንገቱን በፕላታ ያላገኘሁት እየቆጨኝ ነበር። ሲሳይ ግን ለመግደል እንኳ አንባቢ እየጠበቀ ነበር። ጣቴን አነሣሁ። "ነገ ጧት ይላካል" ብዬ ዋሸሁት።

እሑድ ጧት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። ሲቫን የምትባል መርማሪ ተቀበለችኝ። ስለ ባራክና ስለ ወንድሙ ተናገርሁ። ስለ ፕላታውም ተናገርሁ። ስለ ሲሳይ ቢላዋም ነገርኋት። ፎቶውን ለእርሷ ሰጥቼ ከስልክህ አጠፋሁት። በአውቶቡስ ወደ ሆስፒታሉ ተመለስሁ። ፖሊሶች ሲሳይን መግቢያው ላይ ይዘውት ነበር፤ ሳልፍ ፊቴ ላይ ተፋብኝ። በእጅጌዬ ጠረግሁትና ወደ ላይ ወጣሁ። ተኝተሃል። ነርሷን ሃጋርን፣ ስትነቃ ከስልክህ በፊት ይህን ወረቀት እንድትሰጥህ ለመንኋት።

ከበርህ ውጭ ወንበር ላይ ነኝ። የአፍህ ስፌት እስኪፈታ ድረስ ስድብህን በጽሑፍ አድርገው፤ አነበዋለሁ።

ፈንታዬ