ጌታሁን ያጠረው አጥር ፈረሰ

አድማሱዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ወሬ ጠፍቶ አይደለም፤ የምነግርህ ሁሉ የሚያናድድ ስለነበር ነው። አሁን ግን ሸኮ፣ ቡናችን ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

ስትሞት ቡናው መቅላት ጀምሮ ነበር። አርባህ ሳይወጣ ባል የሞተባት ሴት ከቤት አትወጣም ተብዬ ተቀመጥኩ። ታላቅ ወንድምህ ጌታሁን መጣና ቡናው እንዳይረግፍ እኔ አስለቅምልሻለሁ አለኝ። እግዜር ይስጥህ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩ። አርባህን አውጥቼ ስሄድ ቦታው በእሾህ ታጥሮ፣ ዘበኛ ቆሞበት አገኘሁት። ጌታሁን የአባቴ መሬት ነው፣ አንቺ ሚዛን አባትሽ ቤት ግቢ አለኝ።

ልከሰው ነው ስል የአገር ሽማግሌዎች ደግሞ ጥቁርሽን ሳታወልቂ የባልሽን ወንድም ልትከሺ ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ጥቁሬን እስካወልቅ ብጠብቅ ጌታሁን የሚቀጥለውንም ምርት ይለቅመው ነበር። እንደለበስኩት ሄጄ ከሰስኩት።

እኔማ መሬቱ የኔ ነው ብዬ ልጮህ ተዘጋጅቼ ነበር። ለካ ክሱ ሁከት ይወገድልኝ የሚባል ነው። ዳኛዋ ዛሬ የምንጠይቀው መሬቱ የማን ነው ብለን ሳይሆን፣ ከመታጠሩ በፊት በማን እጅ ነበር ብለን ነው አለች። በጉልበት የነጠቀ መጀመሪያ ይመልሳል፤ መብት አለኝ ካለ ከዚያ በኋላ ይከሳል። ይህ ለጌታሁን አልገባውም። አያት ቅድመ አያቱን ሲቆጥር ቆየ። ዳኛዋ አቋርጣ ቡናውን ማን ይመነጥር፣ ማን ይለቅም ነበር ብላ ጠየቀችው። ምን ቢል ጥሩ ነው? ወንድሜ በሽተኛ ነበር፣ ሁሉን ለሚስቱ ጥሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የኖረው፣ እሱም ወንድ ተብሎ አለ። አንተን ሊያዋርድ አፉን ከፍቶ ለእኔ መሰከረልኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቢያርመው፣ ቢያስተባብለው አልሆነለትም።

ቢጠቅመኝም ንግግሩ አቃጥሎኛል። ስለዚያ ወንበር እሱ ምን ያውቃል? ደረትህ አላስኬድ ሲልህ ዋንዛው ሥር ትቀመጥና፣ እኔ ገጀራ ይዤ ስመነጥር፣ ያለፍኩትን አረም በከዘራህ እያሳየህ የሚዛን ልጅ አረምና ቡና አትለይም እያልክ ትስቅብኝ ነበር። እኔም እየተነጫነጭኩ ተመልሼ እመነጥረዋለሁ። እንደማትቆይ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ያን ጊዜ የሳቅነውን ያህል ግን በደህናው ዘመናችንም አልሳቅንም። በጣም ናፍቀኸኛል።

መሬቱን ይመልስ የሚለው ትእዛዝ ወጥቶ ፖሊስ ባለበት ጌታሁን አጥሩን በገዛ እጁ አፈረሰ። አሁን ባለመብቱ እኔ ነኝ ብሎ አዲስ ክስ ከፍቷል። ዘመድ አዝማድም ትንሽ ቆርሰሽ ስጪውና ይብቃ ይለኛል። ስንዝር አልሰጥም። ይክሰስ፤ ይግባኝ ቢልም ሚዛን ድረስ እከተለዋለሁ። አሁን ውጭ ሆኖ የሚጠይቀው እሱ ነው፤ እኔ ውስጥ ነኝ።

ምንጣሮ ጀምረናል። እኔ በሕይወት እስካለሁ አንተን ወንበር ላይ የኖረ ሰው ብሎ የሚያነሳህ ሁሉ መልሱን ሳይሰማ አይሄድም፤ ልጆችህንም መልሱን አስጠንቻቸዋለሁ። ሙት ዓመትህን የማወጣው እዚሁ ዋንዛው ሥር ነው። ጌታሁንም እንዲመጣ ሰው ልኬበታለሁ። ወንድምህ ነው፤ ይምጣ፣ ይብላ፣ ያልቅስ። ግን እንደ ማንኛውም እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ግባ እስክለው ይጠብቃል።

ባለቤትህ አስካለች