ሽማግሌ የተላከለት ሹፌር

ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው በልግ ገባ። ጂንካ እንደምታውቃት ናት፤ ዝናቡ ሲጀምር መብራቱ ይጠፋል፣ ጭቃው እስከ በራችን ይመጣል። የሚያፈሰውን ጣሪያ አሠርቼዋለሁ። ነገ ነገ ስትለኝ የኖርከው ሥራ በአንድ ጠዋት አለቀ፤ አትቆጣኝና ስቄብሃለሁ። የተከልከው አቮካዶም አፍርቶ ለጎረቤት ተርፏል።

ልብ ወለዴ ግን ቆሞብኝ ነበር። ያንን በቀይ አፈር መንገድ ላይ ያረጀ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጋሽ በላቸውን፣ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። በመጀመሪያው ረቂቅ መንገድ ላይ ብቻውን ገድዬው ሳነብልህ ምሳህን ትተህ ተነሳህ። ምን በደለሽ ብለህ አኮረፍከኝ። እኔ ደግሞ ታሪኩ ሞቱን ይፈልጋል ብዬ ድርቅ አልኩ። ከዚያ ሽማግሌ ላክህብኝ! ለልብ ወለድ ሰው ሽማግሌ የላከ ባል ካንተ በቀር አላውቅም። የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ አቶ ደስታ ነገሩ በቅጡ ሳይገባቸው ከጎረቤታችን ጋር መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የታመመ ዘመድህን ከቤት ላባርር የተነሳሁ መስሏቸው ኖሮ ስለ ርኅራኄ ጸልየው ጀመሩ። አንተ መሬት መሬት እያየህ ሳቅህን ትውጣለህ። ሰውየው ያለው ወረቀት ላይ ነው ስላቸው፣ ቢሆንም መጥተናል፣ አታሳፍሪን አሉኝ። ቤት ድረስ የመጣ ሽማግሌ እንዴት ይመለሳል? አይሞትም ብዬ ቃል ገባሁ።

ጋሽ በላቸው ኖረ፤ መጽሐፉ ግን ተበላሸ። በየረቂቁ ያለ ሥራ ቆላው አርቦሬ ድረስ ይወርዳል፣ ያለ ሥራ ይመለሳል። አንተ ብቻ ደስ ይልህ ነበር። ከሄድክ በኋላ ደግሞ ልነካው ፈራሁ። እንዲኖር የለመንክለትን ሰው መግደል አንተን ሁለተኛ መቅበር መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት ጨክኜ አቶ ደስታ ቤት ሄድኩ። ከገባሁት ቃል ይፍቱኝ አልኳቸው። አልሳቁብኝም። ብዙ አሰቡና ፈቱኝ፤ መንገድ ላይ ብቻውን እንዳይሞት ብቻ ለመኑኝ።

ስለዚህ ቤቱ አስገባሁት። ሚስቱ እጁን ይዛዋለች። ምን እንደምትሆን መፈልሰፍ አላስፈለገኝም፤ አውቀዋለሁ። እያለቀስኩ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ደግሜ ጻፍኩ። ከዚያ ያላሰብኩት ምዕራፍ መጣልኝ። ሐዘንተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ሴትየዋ ዶሮዎቿን ለቅቃ ካኮ ገበያ ትሄዳለች። ሽንኩርት ስትመርጥ ሻጯ የሆነ ነገር ብላ ታስቃታለች፤ መሳቋ ራሷን ይገርማታል። ከዚያ ወዲያ የምታደርገውን ገና አልደረስኩበትም። ግን ትኖራለች።

የመጽሐፉን ሰዎች ገና አርማቸዋለሁ፣ ሥራዬ ነው። አንተን ግን አላርምህም። ከነማንኮራፋትህ፣ ከነግትርነትህ፣ ዜማውን እያበላሸህ ጮክ ብለህ ከምትዘምረው መዝሙር ጋር፣ አንድም ነገር ሳልሰርዝ አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ