በቤቲ ጆሮ እንግሊዝን ሳስተዳድር

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ጠዋት የበጎቹን በጠጥ ዛቅሁ። ከሰዓት የእንግሊዝን መንግሥት ገሠጽሁ። መደበኛ ዓርብ ነው።

አሮጌው ደብተር ውሃ ገባበት። ይኼኛው አዲስ ነውና የመዝገብ መክፈቻ ይገባዋል። አመልካች፦ እንዳልካቸው፣ የመርሳ ከተማ ልጅ፤ አሥራ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ በጃንጥላ ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ የነበረ፤ ዛሬ ዓረብ አገር፣ ጂዛን አጠገብ በባይሽ፣ የአቡ አሊ በግ ጠባቂ። ተጠሪ፦ የእንግሊዝ መንግሥት። መካከል ላይ ቤቲ አለች።

ቤቲ በርሚንግሃም ነው የምትኖረው። በስምንት ዓመቷ የሄደች። አማርኛ ታወራለች፣ ፊደል ግን አታነብም። በየዓርቡ «ተራ ይከበር» የሚል ፕሮግራም በስልኳ በቀጥታ ታስተላልፋለች። ወግ አጥባቂ ናት፤ እኔም ነኝ። አንድ ቀን አማርኛዋን የሚያርም ረጅም አስተያየት ጻፍሁላት፤ አስነብባ ኖሮ ደወለችልኝ። ከዚያ ወዲህ የበጎቹ ውሃ ታንከር ላይ እወጣለሁ፤ እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው እሱ ላይ ብቻ ነው። በአንድ ጆሮዋ እገባለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፣ ትደግማለች። እላለሁ፣ ትደግማለች። ሥዕሉን አብሮኝ በግ በሚጠብቀው በመንግስቱ ስልክ አያለሁ። ጠበቃ ነኝ ብያታለሁ። ጅዳ፣ ቢሮ ያለው።

የዛሬው ስለ ድጎማ ነበር። «ለሦስተኛው ልጅም መንግሥት ይክፈል ተባለ። ታዲያ አባትየው ምን ተብሎ ሊሾም ነው?» አልሁ። አለች። ከዚያ ወደ ሹመት ገባን። «የቤቶች ሚኒስትራቸው የቢሮውን ሽንት ቤት ሳያውቅ ጤና ይላካል። በሽተኛ ሳያይ እስር ቤቶች ላይ ይሾማል። እስረኛ ሳያይ ይሻራል፤ ጡረታው ግን አይሻርም።» እኛ ሆሽ፣ በጎቹ ግቢ ውስጥ እንኳ በግ የሚያርደው ቢላ መያዝ የሚያውቅ ነው... ይኼን ለራሴ አስቀረሁት፤ ጠበቃ በግ ምን አገባው?

የማላምንበትን አልናገርም። ሹመት በችሎታ ይሁን። ሰው ሠርቶ ይብላ። ድንበር ድንበር ይሁን። ሦስተኛውን ስል ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ከታች ያሉት አምስቱ እረኞችም በየመን ድንበር፣ በሙወሰም በኩል ተደብቀው የገቡ ናቸው።

እኔም።

ኅዳር 22

ደውሪያ መጣ። የፖሊስ መኪናው እስኪያልፍ ማሽላው ውስጥ ሁለት ሰዓት በሆዳችን ተኛን። ድንበር ድንበር ይሁን ያለውን ሰው በሆዴ ስረግመው ዋልሁ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ስለ ሆቴሎቹ ተናገርን። በጀልባ የገባ ሁሉ ሆቴል ይተኛል... ምንጣፍ ላይ፣ ሙቅ ውሃ እየወረደለት። ቅናት ነው እንዴ? ይሁን። ቅናት ሐሳብን ውሸት አያደርገውም።

«ተራ የጠበቀ ሰው ውጭ ቆሟል፤ በመስኮት የገባው ቁርስ ይበላል። የአገር ውስጥ ሚኒስትር በተሾመ ቁጥር ‹እዘጋዋለሁ› ይላል። ቀድሞ የሚዘጋው ግን የራሱ ቢሮ ነው።» ቤቲ ይቺን ስትል ሳቀች። ሦስት ሺህ ሰው አየን። ከታንከሩ ስወርድ አንድ ወረዳ የጨመሩልኝ መሰለኝ።

መንግስቱ ከታች፦ «ጌታው፣ የእንግሊዝ ጉዳይ ካለቀ የበጎቹ ገንዳ ደርቋል።»

ኅዳር 28

ወይንሸት ደወለች። እህቴ።

በክረምት ነው እንግሊዝ የገባችው። በጀልባ... አዎ። ከባሏ ሸሽታ። ክንዷን የሰበረ ሰው ነው፤ ወንድሞቹ እዚያው እንግሊዝ ናቸው፣ እያፈላለጓት ነው። ሆቴል ውስጥ ነው ያስቀመጧት። ለሷ ደግሞ መጋዘን ጠባቂ ነኝ ብያታለሁ፤ ማቀዝቀዣ ያለው መጋዘን።

«ሥራ አይፈቀድልንም እኮ» አለች። «ተጣጥፎ መቀመጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባንዲራ ይዘው በሩ ላይ ይጮሁብናል። አንዲት የኛዋ ሴትዮም አለች፣ በስልክ የምትሰድበን። ሱመያ ናት ያሳየችኝ፣ አብራኝ የምታድረው።»

«ምን ትላለች?»

«በመስኮት ገብተው ቁርስ ይበላሉ ትላለች። ንግግሯን ስሰማ አባባ ትዝ አለኝ። ሲቆጣ እንደዚያ አልነበር፣ ረጋ ብሎ?»

ኔትወርክ ጠፋብኝ አልሁና ዘጋሁት። ኔትወርኩ ሙሉ ነበር።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ቤቲ፦ «በሚቀጥለው ዓርብ ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ ነው የማስተላልፈው። የኛ ሴቶች ሲወጡ አንድ በአንድ ፊታቸውን እቀርጻለሁ። ‹ከምን ሸሽተሽ ነው?› እያልኩ። ቃሉን አዘጋጅልኝ።»

የትኛው ሆቴል? ነገረችኝ።

የወይንሸት ሆቴል ነው።

«ሴቶቹን ተያቸው» አልሁ። «ጥፋቱ የሚኒስትሩ ነው። እሱን እንያዘው።»

«ሚኒስትር ማን ያያል ጋሽዬ? ስለ ሹመት ስናወራ መቶ ሰው ነው፣ ሆቴል ስንል ሦስት ሺህ።»

«የሰው ፊት ማሳየት ነውር ነው።»

«አንተ ቃል አምጣ። ሐሳቡ የኔ ነው።»

ሐሳቡ የሷ ነው! ሦስት ወር ሙሉ የማንን ሐሳብ ስትናገር ኖራለች? ግን እውነቷን ነው... ሦስት ወር ሙሉ ሆቴል ሆቴል ያልሁትስ ማን ነኝ?

ታኅሣሥ 6

ወይንሸትን ዓርብ ከሆቴሉ አትውጪ አልኋት። የጠበቃ ቀጠሮ አለኝ፣ ከቀረሁ ጉዳዬ ይዘጋል አለች። ለምን ብላ ጠየቀች። ብርድ ነው አልሁ። ከጂዛን ሆኜ።

ለቤቲ እህቴ ናት ብዬ ልንገራት? አውቃታለሁ፤ «የጸሐፊዬ እህት» ብላ ርዕስ ታደርጋታለች። አራት ሺህ ሰው ያያል። የባሏ ወንድሞችም።

ለመንግስቱ ነገርሁት። ሰምቶ ሲጨርስ፦ «ታንከሩ ላይ አትውጣ። ኸላስ፣ በቃ።»

«ካልወጣሁ ብቻዋን ትሄዳለች። አማርኛዋ ይበላሻል እንጂ ካሜራዋ አይበላሽም።»

«እንግዲያ ውጣና ሌላ ነገር በላት። የምትላትን አይደል የምትለው?»

ይኼ ሰው አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። በችሎታ ቢሆን ኖሮ ሚኒስትር እሱ ነበር።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

እንደሆነው ልጻፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። አቡ አሊ ቡኻሪ ሩዙን በልቶ ተኝቷል። ቤቲ ሆቴሉ በር ላይ ቆማለች፣ ዝናብ ያካፋል፣ ጃንጥላ ይዛለች። ጃንጥላዋን ሳይ መርሳ ትዝ አለኝ። በሹመት ጀመርን። ሥራ የማያውቅ ሚኒስትር፣ ሥራ የተከለከለ ስደተኛ... እላለሁ፣ ትላለች። ያለወትሮዬ ቀስ አልሁ። ጊዜ ልግዛ ብዬ ነው።

በሩ ተከፈተ። ሦስት ሴቶች፣ ነጠላ ተከናንበዋል። ቤቲ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፦ «እየወጡ ነው፣ ቶሎ በል።»

አልሁ፦ «ዛሬ እዚህ የቆምሁት እህቴን ፍለጋ ነው።»

አለችው። አፏ ለምዷል፤ ከሐሳቧ ቀድሞ ይሄዳል።

«እህቴ ከነዚህ ሴቶች አንዷ ናት።»

«እህቴ ከነዚህ ሴቶች አንዷ...» ዋጠችው። ዘግይታለች። ሦስት ሺህ ሰው ሰምቷል። የአስተያየቱ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ እህቷ ናት እንዴ፣ ኧረ እህቷ ናት፣ አይዞሽ ቤቲዬ።

«ክንዷን ከሰበረ ሰው ሸሽታ ነው የመጣችው። ፊቷን አላሳይም። የማንንም ፊት አላሳይም።» አልሁ። ካሜራው አሁንም ወደ በሩ ነው። «በይው ቤቲ። ካሜራውን ዝቅ አድርጊውና በይው።»

ካሜራው ወረደ። እርጥብ አስፋልት፣ የቤቲ ጫማ። ሴቶቹ አለፉ። የሦስት ሴት እግር ብቻ አየሁ። የትኛው የሷ እንደሆነ አላወቅሁም።

«የማንንም ፊት አላሳይም» አለች ቤቲ፤ ድምጿ የሌላ ሰው ነበር። ተቋረጠ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደወለች። «አዋረድከኝ። ሰው ፊት አዋረድከኝ።»

«አዎ።»

«የማን እህት ናት?»

«የኔ።»

«አንተ የት ነህ? ያ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«በግ ነው። ባይሽ ነኝ፣ የውሃ ታንከር ላይ። ጠበቃም አይደለሁም፤ ጠባቂ ነኝ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የለኝም። የገባሁት በእግሬ ነው፣ በየመን በኩል።»

«አንተ! አንተ ነህ ተራ ይከበር ስትለኝ የነበርከው?»

ምን ይባላል? አዎ አልሁ።

«ተባረሃል።»

የስንብት ደብዳቤ በጽሑፍ ይሰጠኝ አልኋት። መጻፍ እንደማትችል ትዝ ያለኝ ከዘጋች በኋላ ነው።

ታኅሣሥ 16

የቤቲ ገጽ ላይ ምንም አዲስ ነገር የለም። ከሥር ግን ሰው አልተበተነም። እህትሽን አገኘሻት ወይ? ምን አለችሽ? ድምጿን ብቻ አሰሚን። ሴትዮዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘመድ አበጀች፤ ልትሽራት ብትል ተመልካቿ ይሽራታል። የማይሻር ሹመት ሰጠኋት ማለት ነው... በችሎታ ሳይሆን።

ታኅሣሥ 20

ወይንሸት። ሰላምታ የለም።

«መጋዘኑ እንዴት ነው፣ ይቀዘቅዛል?»

ሁሉን ሰምታለች። ቤቲ ሆቴሉ ድረስ ሄዳ፣ በተቀባይዋ በኩል ክንዷ የተሰበረውን ብላ አስጠርታ፣ ኮትና ብርቱካን ይዛ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ካሜራ የለም። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቁ።

«አሁንም ሰድባኛለች» አለች። «በጀልባ መግባት ጥፋት ነው አለችኝ። ሥራ ከልክሎ ሥራ ፈት ማለትስ አልኋት። እሁድ እመለሳለሁ ብላ ሄደች።»

«ጥሩ ነው።»

«ምኑ ነው ጥሩ? ሦስት ወር በሰው አፍ ስትሰድበኝ የነበርኸው አንተ ነህ። አባባ መስሎኝ ስሰማ ነበር እኮ፣ ሌላ አልነበረኝም... አባባ ይናገረኛል እያልሁ።»

ይቅርታ አልሁ። አንድ ጊዜ፣ አጭር። ይኼን ያህል ዓመት የሰው ይቅርታ ስጽፍ ኖሬ ለራሴ ሲሆን አንድ ቃል ብቻ።

ዘጋችው።

ጥር 1፣ ዓርብ

ታንከሩ ላይ ወጣሁ፤ ለመስማት ብቻ። መንግስቱም ወጣ። አቡ አሊ ታንከሩ ቢሰነጠቅ ሁለታችሁንም በሙወሰም በኩል በእግራችሁ እመልሳችኋለሁ እያለ ከታች ይዝታል።

ቤቲ ቤቷ ሆና ታስተላልፋለች። ፊቷ ያው ነው፣ ቁጣዋ ያው ነው። አማርኛው ግን የኔ አይደለም። ያጥራል። ይናከሳል።

«አንዱን ሚኒስትር ለመሻር አንድ ቀን ይበቃቸዋል። አንዲት ሴት ትሥራ አትሥራ ለማለት ግን ዓመት ይፈጃሉ። ለልጅ ድጎማ መስጠት ያውቃሉ፤ እናትየዋ ሠርታ እንድታሳድገው መፍቀድ አያውቁም። ይኼ ደግነት አይደለም፣ ስንፍና ነው።»

ወግ አጥባቂ ነው እንጂ ምንድን ነው ይኼ? ሰው ሠርቶ ይብላ! እኔ ያልሁት አይደል? ያላሰብሁትን ግማሹን ነው ግን የነገረችኝ።

ቤቲ አንዳንዴ ወደ ጎን ዞር ትላለች። አንድ ጊዜ ከጠረጴዛው ጠርዝ እጅ ታየ፤ ወረቀት የያዘ፣ ክርኑ ላይ ጠመም ያለ። ፊት አልታየም። በጆሮም አልገባችም፤ አጠገቧ ተቀምጣ ነው።

ተቃውሞ ለማቅረብ አሰብሁ። ሥራው ማስታወቂያ አልወጣበትም፤ ተሿሚዋ የቀድሞው ባለሥልጣን እህት ናት...

ከዚያ ቤቲ በደስታ፣ ቃል በቃል፦ «ደግሞ አሉላችሁ፣ በጨለማ ድንበር ተሻግረው ታንከር ላይ ቆመው ‹ድንበር ይከበር› የሚሉ።»

መንግስቱ ሊወድቅ ደረሰ ከሳቁ የተነሳ።

ፕሮግራሙ አልቆ እንኳ አልወረድሁም። እንደ መጀመሪያው ጊዜ ከሥር አስተያየት ጻፍሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር አቃናሁላቸው፤ ሌላውን አልነካሁም፣ ምንም አይወጣለትም። ማመልከቻ ላይ እንደማደርገው በመጨረሻ ስምና አድራሻ፦ እንዳልካቸው፣ ባይሽ፣ የበግ ጠባቂ።

ጥቂት ቆይቶ በፊደል መልስ መጣ። ቤቲ መጻፍ አትችልም።

«አቶ እንዳልካቸው፦ ማመልከቻዎ ደርሶናል። ተራዎን ይጠብቁ።»