ሴትዮዋ ያላለችው

ሰኞ፣ ግንቦት 14 ቀን 1981

ያስጠላል። የሰው ቃል አነሰ ሲባል መስማት ያስጠላል።

በርባንክ ያለው የአሜሪካኖቹ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዛሬ ጠዋት ከቻይንኛ ለትርጉም ጠርቶኝ ነበር። ቤጂንግ አምስት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ መማሬን ስለሚያውቁ ቻይና በተናጠች ቁጥር ይደውሉልኛል። የሰጡኝ የቪዲዮ ካሴት የቤጂንግ ተማሪዎችን ሰልፍ ያሳያል። አንዲት የፋብሪካ ጡረተኛ ጎመን የሞላ ዘንቢል ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ትናገራለች። በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ጻፍኩት፦ «ልጄ አደባባዩ ላይ ነው። ጉቦ ይቁም ማለታቸው ልክ ነው። መንግሥት ያናግራቸውና ልጄ ቤቱ ገብቶ ይብላ።»

ዜናውን የሚያዘጋጀው ፕሮዲዩሰር አነበበና ፊቱን አጨማደደ። «ይኼ ብቻ ነው?» አለኝ። ይኼ ብቻ ነው አልኩት። ቃሏን እንዳይቀይሩት ፈራሁ።

ከሰዓት ፌርፋክስ መንገድ ባለው የሐበሻ ሬስቶራንት የአስተናጋጅነት ተራዬ ነበር። ሁሉም የሚያወራው ባለፈው ሳምንት አገር ቤት ስለተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው። እኔ ሴትዮዋ ከአእምሮዬ አልወጣ አለችኝ።

ማክሰኞ

የፈራሁት ደረሰ። ሴትዮዋን ሆና በእንግሊዝኛ የምታነብ ተዋናይ አምጥተዋል። ወረቀቷን አየሁት፦ «ኮሚኒዝም በቃን። ይህ መንግሥት ይውደቅ።»

ይህን አላለችም አልኩት ፕሮዲዩሰሩን። ስሜቷን ነው የወሰድነው አለኝ። ለጎመንና ለእራት ሲባል ቻናል ሳይቀይር የሚቆይ ሰው የለም አለ። እዚያ እኮ ወታደራዊ አዋጅ ታውጇል፣ ፊቷ ግልጥ ብሎ ይታያል፣ ይህን ብላለች ከተባለ ማን ያድናታል ብዬ ለመንኩት።

«እዚያ የእኛን ቲቪ ማን ያየዋል?» አለ።

ቻይናዎቹ እዚህ ቲቪ የሚያይ ኤምባሲ የሌላቸው መሰለው። ጎበዝ ጋዜጠኛ!

ደግሞ ቤጂንግ እያለሁ የእነሱም ጋዜጣ ይዋሽ ነበር። አንድ ክረምት ማደሪያችን መጥተው ፎቶ አነሱንና «ደስተኞቹ የአፍሪካ ተማሪዎች» ብለው ጻፉ። ያን ሳምንት ማሞቂያው ተበላሽቶ ካፖርት ለብሰን ነበር የምንተኛው። እዚህ ስመጣ ከዚያ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ሞኝ።

ረቡዕ

ለሬስቶራንቱ ባለቤት ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። ሽንኩርት እየከተፉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ዝም ብል ይሻል ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በረሃቡ ጊዜ ፈረንጅ ደንበኛ ‹ኢትዮጵያዊ ሆነሽ እንዴት ወፈርሽ?› ሲለኝ ስቄ አሳለፍኩት» አሉኝ። «ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

ሽርጤን ፈትቼ ለጣቢያው ደብዳቤ ጻፍኩ። ቃሏን መልሱ። ካልመለሳችሁ ፊቷን አታሳዩ። ተርጓሚ ተብሎ የተጻፈውን የእኔን ስም ሰርዙ። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ በርባንክ ደረስኩ። ፕሮዲዩሰሩ ሊያየኝ አልፈለገም። ካሴቱን የምትቆርጠው ኤዲተር ግን በር ድረስ ወረደች። ደብዳቤውን ቆማ አነበበችው። ከዚህ በኋላ አይጠሩሽም አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ደብዳቤውን ትቼላት ወደ አውቶቡሱ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሬስቶራንቱ ሙሉ ነበር። ዜናው ሲጀምር እትዬ ዘነበች የቲቪውን ድምፅ ከፍ አደረጉት።

ሴትዮዋ ወጣች፤ የሚታየው ግን ጀርባዋ ነው። ሰማያዊ ሹራቧ፣ ዘንቢሏ። ኤዲተሯ ፊቷ የሚታይበትን ቆርጣ አውጥታዋለች። የተዋናይዋ ድምፅ መጣ፦ ኮሚኒዝም በቃን፣ ይህ መንግሥት ይውደቅ። ውሸቱ ሳይነካ ተላለፈ። አንድ የታክሲ ሾፌር፣ ደርግ ወንድሙን የገደለበት ሰው፣ አጨበጨበ። እሱ ላይ መፍረድ አልቻልኩም። ግን ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«እንደዚያ አላለችም» አልኩት። ያለችውን በአማርኛ ነገርኩት። ጎን ያሉትም መብላት አቁመው ሰሙ።

«ታዲያ ይኼስ ምን ያንሳል?» አለ ሾፌሩ። «ለምን ቀየሩት?»

ሳህኖች ማንሳት ጀመርኩ። ፊቷ ስላልታየ ትንሽ ቀለል ብሎኛል። ግን ያን ሹራብ ከኋላው የሚያውቅ ጎረቤት አይጠፋም። ብቻ ለመንግሥት የሚነግር ክፉ ጎረቤት አይሁን።