አዝድ ለአዝድ

ኩፋ፣ ዙልሒጃ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ሠላሳ ስድስት ዓመተ ሂጅራ

ለልጄ ለሐውሸብ፣ ሻም፣ ሒምስ ከተማ

አሰላሙ ዐለይኩም የሆዴ ልጅ። እኔ እናትህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል። የምለውን የሚጽፍልኝ ወንድምህ ጁንዱብ ነው፤ እሬት እንደቀመሰ ሰው ፊቱን አጨማዷል።

ኸሊፋው መዲና ላይ ከተገደለ ወዲህ ቤቴ ለሁለት ተከፈለ። አንተ «መጀመሪያ ገዳዮቹን ስጡን» ከሚሉት ሻሞች ጋር ቆምክ። ጁንዱብ «መጀመሪያ ለአዲሱ ኸሊፋ ቃል ግቡ» ይላል። ማን ልክ እንደሆነ አላህ ያውቃል። እኔ የማውቀው ሁለታችሁም ግትር መሆናችሁን ነው።

ጦሩ ሊነሳ ነው። ትናንት የጎሳችን የአዝድ አለቃ መስጊድ ውስጥ «ሁሉም ከወዲያ ያለውን የገዛ ጎሳውን ይግጠም፤ አዝድ ለአዝድ!» አለ። ደጁ ድረስ ሄጄ ጮኽኩበት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ባዳ ለባዳ አይራራም። ዘመድ ግን ሰይፉን ይመልሳል» አለኝ።

«ልጆቼን አታውቃቸውም!» አልኩት።

ከሰልፍ ወጥቶ አንድ ለአንድ የሚገጥም ሰው ስሙን ከነአባቱ እንደሚጠራ ታውቃለህ። ፊት በብረት ስለሚሸፈን ሌላ መለያ የለም። ጁንዱብ ግን «ስም አልጠይቅም፣ ስሜንም አልጠራም፤ ወንድሜ መሆኑን ካወቅኩ እጄ ይከዳኛል» ብሎ ምሏል። እንግዲህ አንተ ጥራ። ከመምታትህ በፊት ጮክ ብለህ «የረይጣ ልጅ ነኝ» በል።

«እማ፣ ይሄንንስ አልጽፍም። በእናቱ ስም የሚፎክር ወንድ የት አለ? ይስቁበታል።»

«ይሳቁ! የተሳቀበት ሰው አይሞትም። ያልከውንም ጨምረህ ጻፍ!»

ይኸው ጻፈ።

ልጄ፣ ፈርቻለሁ። አንዳችሁ ገዳይ አንዳችሁ ሟች ከምትሆኑ አላህ እኔን ያስቀድመኝ። ከክፉ ይሰውርህ፣ ያጠባሁህ ጡት ይጠብቅህ።

እናትህ ረይጣ

ሐውሸብ፤ እማ ማንበብ ስለማትችል ይህን መጨመሬን አታውቅም። የምሰለፈው በግራ ክንፍ፣ ከሰንደቃችን ሥር ነው። ይህን እንደጻፍኩልህ አለቃው ቢሰማ አንገቴን ይቆርጠዋል። ወደዚያ አትምጣብኝ።